የማለዳዋ እርምጃ

የተረከዝ ሕመም ከብዙዎቹ የእግር ሕመሞች የሚለየው ሰው በሥራ ሲደክም ሳይሆን ዐርፎ ሲነሣ፣ ከመደቡ ወርዶ መሬቱን በሚረግጥባት የመጀመሪያ እርምጃ ላይ እንደ ሚስማር የሚወጋ በመሆኑ ነው። ጥቂት ከተራመዱበት በኋላ ውጋቱ ይላላል፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበዛ፣ ወይም ታማሚው ቡና ሲጠጣ ቆይቶ ሲነሣ ግን ተመልሶ ይመጣል። ይህ ዑደት በራሱ ግማሽ ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ የተረከዙን ሥር ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ሲጫነው ታማሚው «እዚያው ነው» ብሎ እግሩን ከሰበሰበ ደግሞ ብዙ የሚቀር ነገር የለም። ከ10 ታማሚዎች ወደ 9 የሚጠጉትን ሕመሙ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይለቃቸዋል። አስቸጋሪው የቀረው አንዱ ነው፤ ክኒን ውጦ፣ መርፌ ተወግቶ፣ በወጌሻ ታሽቶ፣ ጫማ ቀይሮ «ሁሉም አልሆነም» የሚለው። ለዚህ ሰው ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «አልሆነም» የተባለው ነገር በእርግጥ ተሞክሮ እንደሆነ ነው፤ በደቡብ ወሎ፣ በኩታበርና በመካነ ሰላም ደጋ ላይ ደግሞ የዚህ ጥያቄ መልስ ከሐኪሙ ትእዛዝ ይልቅ በታማሚው ኑሮ ላይ የሚንጠለጠል ነው።

ውስጥ እግርን ከተረከዝ አጥንት ሥር ጀምሮ እስከ ጣቶች መነሻ ድረስ ወጥሮ የያዘ፣ ጠንካራና ብዙ የማይለጠጥ ነጭ ጅማታዊ ንጣፍ አለ፤ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን ጎብጦ የሚኖረው ጫፍና ጫፉን የሚይዘው አውታር ስላለ እንደሆነ ሁሉ፣ የእግር ጉብታም ክብደት ሲያርፍበት ጠፍጥፎ የማይቀረው በዚህ ንጣፍ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ሰው ሲራመድ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ ጣቶቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ንጣፉ በጣቶቹ መነሻ አጥንቶች ላይ ይጠመጠማል፤ የጉድጓድ ገመድ በግንድ ላይ ሲጠመጠም ባልዲውን እንደሚስበው ንጣፉም ተረከዙን ወደ ፊት ስቦ ጉብታውን ያነሣዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ንጣፉ ከተረከዝ አጥንት ጋር የተጣበቀበትን ያችን ጠባብ ሥፍራ የሚጎትት ነው፤ ሌሊት እግር ዘቅዝቆ ሲያርፍ ንጣፉ ያጥራል፣ ማለዳ በድንገት ሲወጠር ይወጋል።

የሕመሙ የሕክምና ስም ፕላንታር ፋሺያይቲስ ሲሆን፣ የቃሉ መጨረሻ የሰውነት መቆጣትን የሚያመለክት ነው፤ ስሙ ግን ከበሽታው ጋር በትክክል አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሌሞንትና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና ከ50 ሰዎች የተወሰደውን የንጣፍ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ያገኙት የመቆጣትን ምልክት ሳይሆን ያረጀ፣ የተፈታ፣ ሥርዓቱን ያጣ ጭረት ነበር። ሕመሙ እንደተቆጣ ቁስል ሳይሆን እንደነተበ ገመድ ነው ማለት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መቆጣትን የሚያበርዱት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሕመም ቢያስታግሱም የነተበውን ገመድ ሊጠግኑ አይችሉም፣ በባዶ ሆድ እየዋጧቸው ለወራት የሚቆዩ ታማሚዎች ደግሞ ተረከዛቸው ሳይድን ጨጓራቸው ይታመማል።

ከስሙ ሌላ ራጁም ብዙ ሰው ያሳስታል። የተረከዝ አጥንት ከሥሩ ወደ ፊት ሹል አብቅሎ በራጅ ላይ ሲታይ «ትርፍ አጥንት ወጥቶብሃል» የተባለ ሰው፣ ያ ሹል እስካልተቆረጠ ድረስ ድኅነት የለም ብሎ ቢያምን አያስገርምም። ጀርመናዊው ፕሌትነር የተረከዝን እሾህ ብሎ የሰየመው ራጅ ከተገኘ ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያሳየው ግን ሹሉ ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይ እንደሚገኝ፣ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ደግሞ ሹል እንደሌላቸው ነው። እንዲያውም ሹሉ የሚበቅለው አብዛኛውን ጊዜ በንጣፉ ውስጥ ሳይሆን ከንጣፉ በላይ ባለው የአጭር ጡንቻ መነሻ ላይ ነው። ከራጁ ይልቅ የሚጠቅመው አልትራሳውንድ ሲሆን፣ ንጣፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ መካነ ሰላም ደግሞ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል አድርጎ ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚያደርሰው ረጅም መንገድ ላይ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። የሁለቱም አገር ሜዳው ጥቂት፣ ሽቅቡና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ቁርጭምጭሚት አብዝቶ መታጠፍ አለበት፤ ባቱ ያጠረበት ሰው ይህን መታጠፍ ሲያጣ ጉድለቱን የሚሞላው በውስጥ እግሩ ንጣፍ ነው። በአሜሪካ ሪድልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕመሙ የሚያጋልጡትን ነገሮች ሲያጠኑ ጎልተው የወጡት ሦስት ነበሩ፤ የቁርጭምጭሚት ወደ ላይ መታጠፍ ማነስ፣ የሰውነት ክብደት መብዛት፣ የሥራን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ማሳለፍ። ከእነዚህ መካከል ውፍረት የደጋውን ገበሬ የሚመለከተው አልፎ አልፎ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሚያስተምረውን መምህርም፣ በጀርባዋ ውኃ አዝላ አቀበት የምትወጣውንም ሴት፣ አውድማ ላይ የሚውለውንም ሰው ይመለከታሉ።

ጫማም አንድ ጉዳይ ነው። ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ርካሽና ለጭቃ የሚመች ቢሆንም ሶሉ ደረቅና ጠፍጣፋ ነው፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶም ዕድሜው እንጂ ልስላሴው አይመሰገንም። ይህ ሲባል በባዶ እግር መሄድ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ባለባቸው የኢትዮጵያ ደጋዎች ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት የሚያመጣው በባዶ እግር መሄድ በመሆኑ፣ ለተረከዝ ብሎ ጫማን ማስወለቅ አንዱን ሕመም በከፋ ሕመም መለወጥ ይሆናል። የሚያስቸግረው ግን ወሎዬ በቀን ውስጥ ጫማውን የሚያወልቅባቸው ሰዓታት ከሕመሙ ሰዓታት ጋር መግጠማቸው ነው። ሱብሂ ለመስገድ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በቀዝቃዛ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ሙስሊምም፣ ኪዳን ሊያደርስ ገስግሶ ጫማውን በደጀ ሰላም ትቶ መቋሚያውን ተደግፎ ለሰዓታት የሚቆም ክርስቲያንም፣ ሁለቱም ማለዳዋን እርምጃ የሚረግጧት ጫማ በሌለበት ነው። በስግደት ጊዜ ጣቶች ወደ ላይ ታጥፈው የሰውነት ክብደት ሲያርፍባቸው ንጣፉ እንደ ሂክስ ገመድ ይወጠራል፤ ለጤነኛ እግር ይህ ማሳሳብ ሲሆን ለታመመ እግር ግን ሳይሞቅ የሚደረግ ከሆነ የሚያስነባ ነው። ከሐኪሞች መካከል ይህን አስተውሎ «ከመነሣትህ በፊት መደብህ ላይ ሆነህ ጣቶችህን በእጅህ ወደ ቅልጥምህ ሳብ፣ እስከ 10 ቁጠር፣ 10 ጊዜ ደጋግም» ብሎ የሚመክር ሰው ከክኒን ያላነሰ ነገር ሰጥቷል፤ ይኸው ንጣፉን ብቻ ለይቶ የሚያሳስብ እንቅስቃሴ ባትን ብቻ ከሚያሳስበው የተሻለ እንደሆነ ዲጆቫኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በ101 ታማሚዎች ላይ አሳይተዋል።

ከዚህ ላይ «ተሞከረ» የሚለው ቃል መመርመር ይኖርበታል። በሕክምናው ዘንድ ወግ አጥባቂ የሚባለው፣ ያለ ቢላዋ የሚደረገው ሕክምና፣ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ቢቻል እስከ 12 ወር ካልቆየ በስተቀር አልሠራም አይባልም፤ ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሁለትና ሦስት ሳምንት ነው። ማሳሳቡን ለሁለት ሳምንት ሠርቶ የተወ፣ ልል ጫማውን ለገበያ ቀን ብቻ የሚያደርግና እቤት በባዶ እግሩ የሚውል፣ ስድስት ዓይነት ክኒን የለወጠና አንድም እንቅስቃሴ ያልሠራ ሰው ሕክምናው እንዳልሆነለት የሚያምነው በቅንነት ነው። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ በበዛበት ቀን አንድ ጤና ባለሙያ እንቅስቃሴ ለማሳየት የሚሆን ሩብ ሰዓት ከየት ያመጣል? ክኒን ለመጻፍ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃል።

እስካሁን ከተፈተኑት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ለደጋው ሰው እጅግ የሚስማማው የዴንማርኩ ራትሌፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረበው የክብደት ልምምድ ይመስላል። የሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ወይም ጠንካራ ድንጋይ፣ አንድ የተጠቀለለ ፎጣ፣ ኋላም በጀርባ የሚታዘል ክብደት ብቻ ነው። ታማሚው የታመመውን እግር በደረጃው ጫፍ ላይ አድርጎ ተረከዙን አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ፎጣው ጣቶቹ ወደ ላይ እንዲታጠፉ ከሥራቸው ይገባል፤ ከዚያ በ3 ሰኮንድ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ከላይ ለ2 ሰኮንድ ይቆማል፣ በ3 ሰኮንድ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህን 12 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ ያደርጋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክብደት ጨምሮ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ዙሩን ያበዛል። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት 48 ሰዎች መካከል ይህን የሠሩት ማሳሳቡን ብቻ ከሠሩት ይልቅ በ3ኛው ወር ሕመማቸው በግልጽ ቀሎ ተገኝቷል፤ በ12ኛው ወር ላይ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ይህም ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛ ክብደቱ መዳንን ያፋጥናል፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሱ ትልቅ ሐኪም ነው። ያረጀ ጅማት የሚታደሰው ተለክቶ በሚሰጠው ጭነት እንጂ ፈጽሞ በማሳረፍ አይደለም። የነተበ ገመድ ምሳሌው እዚህ ላይ ይከዳል፤ ገመድ ሲጎተት ያልቃል፣ ሕያው ጅማት ግን በልኩ ሲጎተት ይጠነክራል።

ለተረከዝ ማሳረፊያ የሚሆን ነገርም ከሩቅ አይመጣም። ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰልባጅ የሩጫ ጫማ፣ ተረከዙ ካልተጣመመ፣ ከአዲስ ጠፍጣፋ ጫማ ይበልጣል፤ ጫማ ሰፊ ከስሊፐር ሶል ቆርጦ በኮንጎ ውስጥ የሚያስገባው ጉርሻ ያህል ስፖንጅም የሚናቅ አይደለም። በሃይላንድ ዕቃ ውኃ ሞልቶ በደጋው ቀዝቃዛ ሌሊት ደጅ ማሳደርና በውስጥ እግር ማንከባለል ፍሪጅ ያለው ቤት በረዶ የሚያደርገውን ሥራ ይሠራል። ወጌሻንም ማንሣት ተገቢ ነው። በስብራትና በወለምታ የታወቀው ወጌሻ ባትን በቅቤ ቢያሸው አይጎዳም፣ ያላላዋልም፤ ተረከዝን በጋለ ብረት የሚተኩስ ወይም በዋግምት የሚበጣ ሰው ሲገኝ ግን የሰውነትን ክብደት ሁሉ በሚሸከም ቆዳ ላይ ቁስል መጨመሩ ነውና፣ ያ ቁስል ከሕመሙ ይብሳል።

ታማሚው በእርግጥ ሁሉንም በወጉ ከሞከረና ካልዳነ፣ ሐኪሙ ወደ መርፌና ወደ ቢላዋ ከመሄዱ በፊት ሌላ ጥርጣሬ ማንሣት አለበት፤ ምናልባት በሽታው መጀመሪያውኑ ሌላ ነበር። ከተረከዙ ውስጥ በኩል የሚያልፍ፣ ባክስተር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ከጻፈበት በኋላ በእሱ ስም የሚጠራ ቀጭን ነርቭ ሲጨቆን ሕመሙ ከፋሺያው ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ማለዳ ሳይሆን ሥራ ከበዛ በኋላ ይብሳል፣ የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ባሕርይም አለው። ተረከዝ ግራና ቀኝ በመዳፍ ሲጨመቅ የሚያመው ሰው የአጥንት ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱም ተረከዙ የሚያመው፣ ማለዳ ወገቡ ለረጅም ጊዜ የሚደርቅ ወጣት የአከርካሪ መገጣጠሚያ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ጉዳዩ የእግር ብቻ አይደለም። ሌሊት የማያስተኛ፣ እብጠትና ትኩሳት ያለው ተረከዝ ደግሞ በአገራችን የአጥንት ቲቢን ሳያስብ የሚታለፍ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በታች፣ በሐኪም ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ፣ በአጋምና በግራር አገር ግን ሊረሳ የማይገባ ተራ ነገር አለ፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህ። ዕድሜው ከ8 እስከ 14 በሆነ ልጅ ላይ ተረከዝ ቢያም ደግሞ ፋሺያው ሳይሆን ገና ያልተጋጠመው የተረከዝ አጥንት ጫፍ ስለሚሆን ልጁ ሲያድግ ይለቀዋል።

ከቢላዋ በፊት ያለችው ታዋቂዋ መሣሪያ የስቴሮይድ መርፌ ናት። ታማሚዎች የሚለምኗት፣ ሐኪሞችም ለመስጠት የማይቸገሩባት በፍጥነት ስለምትሠራ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተረከዙ ዝም ይላል። ዝምታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ወር አያልፍም፤ የምታስከፍለው ዋጋም አለ። አሴቬዶና ቤስኪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ዘገባ ከ765 የተረከዝ ታማሚዎች መካከል በ51ዱ ላይ ፋሺያው ተበጥሶ የተገኘ ሲሆን፣ ከ51ዱ 44ቱ መርፌውን የወሰዱ ነበሩ። በተጨማሪም መርፌው ሲደጋገም ከተረከዝ ሥር ያለውን የሰባ ትራስ ያሳሳዋል፤ ያ ትራስ አንዴ ከሳሳ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ሕመምን ማጥፋት ራሱ አደጋ እንዳለው የሚያሳይ ምሳሌ ከቅርብ አለ፤ በኩታበርና በደሴ መካከል የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በሆስፒታሉ የቆዳና የሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቃል። ሥጋ ደዌ የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ታማሚው ጠጠርም እሾህም ሳይሰማው ይሄድበታል፣ እግሩም የሚያልቀው በደዌው ብቻ ሳይሆን በዚህ አለመሰማት ነው። በመርፌ ሕመሙን አጥፍቶ በማግስቱ አንድ ኩንታል እህል ተሸክሞ ገበያ የሚወርድ ሰውም ለጥቂት ሳምንት ወደዚያው ሁኔታ ይጠጋል፤ የነተበው ጅማት ያው ነው፣ የጠፋው የሚጠብቀው ሕመም ብቻ ነው። መርፌው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ልምምዱን ለማስጀመር ፋታ እንዲሰጥ ከሆነ ጥቅም አለው፤ በልምምዱ ፈንታ ከሆነ ግን መዘዙ ይበዛል።

ከመርፌው ቀጥሎ ያለው አስደንጋጭ ሞገድ የሚባለው ነው። የኩላሊት ጠጠርን ከውጭ በድምፅ ሞገድ መስበር እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ከተጀመረ በኋላ ሐኪሞች ሞገዱን በጅማት ላይ መሞከር ያዙ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2000 ለተረከዝ ሕመም የመጀመሪያውን መሣሪያ ፈቀደ። ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በ2002 በአውስትራሊያ የተደረገው ጥናት ከማስመሰያ ሕክምና የሚሻል ነገር አላገኘም፣ በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ጥቅሙን አረጋግጧል። መሣሪያው ባለበት ከተማ፣ ሌላው ሁሉ ላልሠራለት ታማሚ፣ ከቢላዋ በፊት ቢሞከር ጉዳት የለውም፤ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ እሱን ብቻ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግን ወጪውን የሚመልስ መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ነው። የቆየው መንገድ ፋሺያውን ከተረከዙ አጠገብ በከፊል መቁረጥ ነው፤ ጥብቅ ገመድ ሲላላ ሕመሙ ይላላል ከሚል የመነጨ ነው። እዚህ ላይ የሐኪሙ ጥበብ የሚለካው በቆረጠው ሳይሆን በተወው ነው፤ ከውስጥ በኩል ያለውን ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ብቻ ቆርጦ ይተዋል፣ ሙሉውን ከበጠሰ የደጋኑ አውታር ተቆረጠ ማለት ነውና ጉብታው ይወርዳል፣ ክብደቱ ወደ እግሩ ውጫዊ ጠርዝ ይሸሽና አዲስ ሕመም ይተከላል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ይህን በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየተመለከቱ መሥራት ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ታማሚውን የሚያስገርም ነው፤ የሚያመው ተረከዙ ሆኖ የሚቆረጠው ባቱ ነው። ከጉልበት በላይ ጀምሮ ተረከዝ ድረስ የሚወርደው የባት ጡንቻ ካጠረ ተረከዙን ዘወትር ወደ ላይ ይጎትታል፣ የውስጥ እግር ፋሺያም ተቃራኒውን ጉተታ ሲሸከም ይኖራል፤ ጡንቻውን ከላይ በኩል በጥቂቱ ማርዘም ለፋሺያው ዕረፍት ይሰጣል። የኖርዌይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት በ40 ታማሚዎች ላይ ይህን ቀዶ ሕክምና ከማሳሳብ ጋር፣ ማሳሳብንም ለብቻው አወዳድረው በዓመቱ የተሻሉት ቀዶ ሕክምና ያገኙት ሆነው ተገኝተዋል። ለሽቅብና ለቁልቁለት አገር፣ ባት ዋናው ተጠርጣሪ ለሆነበት፣ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ ትኩረት የሚገባው ይመስላል፤ የእግሩን ጉብታ ሳይነካ ይተወዋልና።

ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት የተረከዝ ቀዶ ሕክምና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። የኃይሌ ሕመም ከተረከዝ ሥር ሳይሆን ከተረከዝ ኋላ፣ ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚያያይዘው የአኪለስ ጅማት ላይ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ሕመሞች የአንድ ሰንሰለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው፣ የጅማቱም እርጅና ዓይነት ተመሳሳይ ነው። በሲድኒ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰኮንድ ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ ጅማቱ የታመመ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙ ጊዜ የሚወራው ቢላዋውና ድሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ግን አይወራም። ከሲድኒ በኋላ ሳይወዳደር ቆይቶ የተመለሰው በነሐሴ 2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ ቻርልስ ካማቲና አሰፋ መዝገቡ ቀድመውት ነሐስ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በብሪስቶል የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2008ም በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ዓለም ያደነቀውን ያን እግር ያዳነው ቢላዋው ብቻ አይደለም፤ ያ ወራት ያስቆጠረ፣ ማንም «ለምን አትሮጥም» ብሎ ያልወቀሰው ፋታም ነው።

የኩታበር ገበሬ የሌለው ይህ ፋታ ነው። የደቡብ ወሎ ደጋ መኸርን ብቻ ሳይሆን በልግንም የሚያርስ አገር በመሆኑ፣ ሌላው ገበሬ የሚያርፍበት ወር ለእሱ የእርሻ ወር ነው። ከፋሺያ ቀዶ ሕክምና በኋላ ታማሚው ለቀናት በምርኩዝ ይሄዳል፣ ለሳምንታት ረጅም መንገድ አይሄድም፣ ከባድ ሸክም ለመሸከም ደግሞ ወራት መቆየት አለበት፤ ባቱ የተሠራለትም ቢሆን ቁልቁለቱን በወጉ ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል። ታማሚው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል ከሆነ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት እየተላለፈ ደሴ ቢደርስ፣ ገንዘቡ ሊቀልለት ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዝርፊያ የደረሰበት የደሴ ሆስፒታልም እንደገና የቆመው ለእንዲህ ዓይነቱ የሩቅ ታማሚ ጭምር ነው። በደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከልም ለእግር የሚሆን ድጋፍ በመሥራት የታወቀ ነው። ማሳው በቀጠሮው ማግስት የሚታረሰው ግን በመድኅን አይደለም፤ በወንፈል ወይም በደቦ ነው፤ ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፣ በጉልበት ይመለሳል።

ስለዚህ ከምርመራው አልጋ አጠገብ የሚደረገው ነገር ሁለት ቢሆን ይመረጣል። አንደኛው ሲልፈርሺልድ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተወው ቀላል ፈተና ነው፤ ታማሚው ይጋደማል፣ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ሐኪሙ ውስጥ እግሩን ወደ ቅልጥሙ ይገፋና ቁርጭምጭሚቱ የት ላይ እንደሚቆም ያያል፣ ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ መልሶ ይገፋል። ጉልበቱ ቀጥ ሲል የማይታጠፍ፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ግን በቀላሉ የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት ያጠረው የላይኛው ባት መሆኑን ይናገራል፤ ቢላዋ የግድ ከሆነ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ይህ ነው። ሁለተኛው የወራት ቆጠራ ነው። ድንጋይና ፎጣ ይዞ በየሁለት ቀኑ የሚደረገው ልምምድ ቢያንስ ለ6 ወር ያልተሠራ ከሆነ ቀጠሮው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወደ ፊዚዮቴራፒው ይዛወራል፤ ተሠርቶ ካልሆነ ግን ሐኪሙ ካላንደሩን ከታማሚው ጋር ይዞ፣ የመኸሩ አዝመራ ተወቅቶ ከጎተራ የሚገባበትንና የበልጉ ዝናብ የሚጀምርበትን ለይቶ፣ በሁለቱ መካከል ስንት ሳምንት እንደሚቀር ይቆጥራል።